ዳግማዊ ምኒልክና ሳያዩት የቀሩት የወረቀት ብር



የዚህን የኢዮቤልዩ መጽሔት ዝግጅት በጀመርንበት ወቅት፣ በየቤቱ የተቀመጠ አሮጌ ገንዘብ ያለው ሁሉ ለአንድ ቀን ዐውደ ርእይ እንዲያውሰን ጠይቀን ነበር። ከጠበቅነው በላይ መጣልን። ማርትሬዛ ጠገራ ብር፣ ቀዳዳ ተበጅቶለት የአንገት ጌጥ የሆነ የምኒልክ ብር፣ የጃንሆይ ዘመን ዶላር፣ በደርግ ጊዜ የታተመ ብር፣ እንዲሁም እዚሁ ጅቡቲ ይሠራበት የነበረ የኢንዶቺን ባንክ ፍራንክ በጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። ልጆቻችን በተራ እየመጡ አዩ፣ ጠየቁ።

አንድ ነገር ግን ሳይመጣ ቀረ። እርሱም የአቢሲንያ ባንክ የወረቀት ብር ነው። ከእናቶቻችን አንዷ ግን በልጅነታቸው አይተውት እንደነበር ነገሩን። አያታቸው ከፎቶግራፍ መስተዋት ኋላ አስገብተው ያስቀመጡት አንድ ወረቀት ነበር። ኋላ ችግር በመጣ ጊዜ ቤተሰቡ ለአንድ አላፊ አግዳሚ ነጋዴ፣ የሳምንት አስቤዛ እንኳን በማይሸፍን ዋጋ ሰጠው። እኚህ እናት ወረቀቱን የምኒልክ ብር ብለው ነው የሚጠሩት። ብዙዎቻችንም እንዲሁ እንላለን። ነገር ግን አፄ ምኒልክ ያንን ወረቀት በዓይናቸው ሳያዩት ነው ያለፉት። ባንኩን ያቆሙት እሳቸው ሲሆኑ ወረቀቱ የወጣው ካረፉ በኋላ ነው። እኛም ይህን ምክንያት አድርገን የንጉሠ ነገሥቱን የሕይወት ታሪክ በገንዘብ በኩል ለመተረክ አሰብን። የጦርነቱን ታሪክ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋልና በእርሱ ላይ ብዙ አንቆይም።

ከአንጎለላ እስከ መቅደላ

ሣህለ ማርያም የተባሉት ሕፃን ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ በዘመቱ ጊዜ ኃይለ መለኮት በሕመም አረፉ። የ11 ዓመቱ ልጅም ተማርኮ ወደ መቅደላ ተወሰደ። ቴዎድሮስ ልጁን እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ልጅ አሳደጉት፤ ልጃቸውን አልጣሽንም ዳሩለት።

ምኒልክ ግን የአባታቸውን አገር አልረሱም። በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎ ወረዱ። የወሎዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት የገዛ ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ እያለ ምኒልክን አሳልፈው ወደ ሸዋ ላኩ። በዚህም ምክንያት ልጃቸው ተገደለባቸው። ይህን ውለታ የምንጠቅሰው የምኒልክ ዘውድ ገና ከጅምሩ የአንዲት እናት ሐዘን የተከፈለበት መሆኑ እንዳይዘነጋ ነው።

ነጋዴው ንጉሥ

የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ምኒልክ ከሌሎች መሳፍንት የሚለዩበት አንዱ ነገር የንግድ ጥቅም የገባቸው መሆኑ ነው። የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና በግመልና በበቅሎ ወደ ዘይላና ወደ ታጁራ ይወርዳል። በምትኩ ጨርቅ፣ ጠመንጃና ጠገራ ብር ይወጣል። በዚያው መንገድ በባርነት የተሸጡ ሰዎች ይነዱ እንደነበርም መሸሸግ አይገባም።

እዚህ በባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችውን ታጁራን የምናውቅ ሁሉ የምንሰማው አንድ ታሪክ አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ 2,000 ያህል ጠመንጃ ለምኒልክ ሊሸጥ ታጁራ ላይ ወራት ሙሉ ግመል ሲጠብቅ ከረመ። በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ሲደርስ ንጉሡ በዋጋው ጠንክረው ተከራከሩት። የሞተው ሸሪኩ የነበረበትን ዕዳም ከሒሳቡ ላይ ቀነሱ። ለቀረው ሒሳብ ብር ቆጥረው አልሰጡትም። ሐረር ላይ ከራስ መኮንን፣ በዚያን ጊዜ ደጃዝማች፣ እንዲቀበል ደብዳቤ ጻፉለት። ባንክ በሌለበት አገር ያ ደብዳቤ እንደ ቼክ ሆነ ማለት ነው። የሰው ቃል በወረቀት ተጽፎ የብርን ቦታ ሲተካ ምኒልክ ገና ከዚያ ዘመን ጀምሮ ያውቁት ነበር።

ለምን ወረቀት እንዳስፈለገ ለመረዳት ጠገራውን መመዘን ይበቃል። አንዱ ማርትሬዛ 28 ግራም ይመዝናል። 1,000 ብር 28 ኪሎ ነው። የቡና ነጋዴው ዋጋውን በበቅሎ ጭኖ፣ ዘበኛ ቀጥሮ፣ ሽፍታን እየፈራ መጓዝ ነበረበት። የገጠሩ ሰው ደግሞ አሞሌ ጨው ይመነዝር ነበር። ጠገራውም ቢሆን የራሳችን አልነበረም። በላዩ የተቀረጸችው የኦስትሪያ ንግሥት ስትሆን፣ በየትኛውም ዓመት ቢመታ የሚጻፍበት ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ነው።

ብድር፣ ዐድዋና የራስ ገንዘብ

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ተቀቡ። ዘመኑ ክፉ ቀን የሚባለው፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሕዝቡ በረሃብ የተቀጣበት ነበር። በዚያው ዓመት ከኢጣልያ ጋር በተደረገው ተጨማሪ ውል 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተሰጠ። የሐረር ጉምሩክም መያዣ ሆነ። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ያስከተለውን ጠብ ሁሉም ያውቃል። ብዙ የማይነገረው ግን የብድሩ ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ውሉን በ1885 ዓ.ም. ሲያፈርሱ ብድሩንም ከነወለዱ መለሱ። ባለ ዕዳ ሆኖ ነፃ ነኝ ማለት እንደማያዋጣ የተረዱ ይመስለናል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚሁ ጊዜ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ አስቀረጹ። ሥራው ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ መንግሥት ማተሚያ የተሠራ ሲሆን፣ የንጉሡን መልክ የቀረጸው ዣን ክሎድ ሳይሆን ዣን ባቲስት ሳይሆን ዡል ክሌማን ሻፕላን የተባለው ስመ ጥር ባለሙያ ነው። በአንድ በኩል ዘውድ የደፉት ንጉሥ፣ በሌላው በኩል የይሁዳ አንበሳ አለበት። የመጀመሪያዎቹ ብሮች 1887 የሚል ዓመተ ምሕረት ተጽፎባቸዋል። ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር እኩል እንዲሆን ተደረገ። ሕዝቡ ግን አዲሱን ብር በቶሎ አልተቀበለም። ገበሬው የለመዳትን ንግሥት መርጦ አዲሱን ለጌጥ አዋለው። በዐውደ ርእያችን ላይ ያየነው ቀዳዳ ያለው ብር የዚህ ምስክር ነው።

የግል ባንክ በአዲስ አበባ

የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ። ንግዱ ሰፋ፤ ገንዘብ የሚያዘዋውር ተቋም አስፈለገ። በ1897 ዓ.ም. ምኒልክ ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ተወካይ ጋር ተዋዋሉ። የግብጹ ባንክ ስሙ ብሔራዊ ይሁን እንጂ በባለ አክሲዮኖች የተያዘ፣ የእንግሊዞች ተጽዕኖ ያለበት የግል ባንክ ነበር። በውሉ መሠረት የአቢሲንያ ባንክ የተባለ ኩባንያ በ500,000 ፓውንድ ስተርሊንግ ካፒታል እንዲቋቋም ተደረገ። አክሲዮኑ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ኒው ዮርክ፣ ቪየናና ካይሮ ለሽያጭ ቀረበ። ባንኩ በአገሪቱ ለ50 ዓመት ብቸኛ ባንክ እንዲሆንና የወረቀት ገንዘብ የማውጣት መብት እንዲኖረው ተፈቀደለት። በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተው ከፈቱት። ቅርንጫፎቹም በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በጎሬና በደሴ፣ ወኪሉም በጋምቤላ ተከፈቱ። እዚህ ጅቡቲም ዕቃ የሚያስተላልፍ ቢሮ ነበረው።

የአገር ገንዘብ የማተም መብት ለውጭ ባለ አክሲዮኖች መስጠት ትክክል ነበር ወይ? ስለዚህ ጉዳይ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ሳይቀር ክርክር ተነሥቷል። አንዱ ወገን ዐድዋ ላይ ያልተሰጠው በውል ተሰጠ ይላል። ሌላው ወገን በቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት ከተቆለፈ ብር በቀር ካፒታል፣ ከጥቂት የውጭ ሰዎች በቀር የባንክ ሥራ የሚያውቅ ሰው በሌለበት ሌላ መንገድ አልነበረም ይላል። እኛ ሁለቱም እውነት አላቸው እንላለን። በዚያው ዘመን እቴጌ ጣይቱ ከመኳንንቱ ጋር ሆነው ለእርሻና ለንግድ የሚያበድር የአገር ተወላጆች ማኅበር ማቋቋማቸው፣ ቅሬታው ያን ጊዜም እንደነበረ ያሳያል። ባንኩም ቢሆን በቀላሉ አልተሳካለትም። ሕዝቡ ባንክ አያውቅም፤ ብሩን በእንስራ አድርጎ መሬት መቅበር ይመርጣል። ብቸኛ ባንክ ሆኖም ሳለ እስከ 1914 እ.ኤ.አ. ድረስ ትርፍ አላገኘም።

ሳያዩት የቀሩት ወረቀት

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ። በጅሮንድ ሙሉጌታም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዘመን በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ተመቱ። አንደበታቸው ተያዘ፤ የአገሩ ጉዳይ በእቴጌይቱና በመኳንንቱ እጅ ገባ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸውም ለሕዝብ ሳይገለጥ ብዙ ጊዜ ቆየ።

የአቢሲንያ ባንክ የመጀመሪያውን የወረቀት ብር ያወጣው በ1907 ዓ.ም. ወይም 1915 እ.ኤ.አ. በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። የታተመው እንግሊዝ አገር ነው። በ5 ብሩ ላይ አጋዘን፣ በ10 ብሩ ላይ ነብር፣ በ100 ብሩ ላይ ዝሆን፣ በ500 ብሩ ላይ ጋሻና ጦር የያዘ ጦረኛ አለ። አንበሳ ያለበት 50 ብር ኋላ በ1929 እ.ኤ.አ. ተጨመረ። እያንዳንዱ ወረቀት ባንኩ ለያዘው ሰው በጠገራ ብር እንደሚከፍል የሚገልጽ የተስፋ ወረቀት ነበር። አንድ ባለ 500 ወረቀት 14 ኪሎ ብር የሚተካ ሲሆን በኪስ ይያዛል። ሆኖም ወረቀቱ ከከተማና ከነጋዴው እጅ ብዙም አልወጣም። በገጠር ጠገራው እስከ ብዙ ዘመን ነገሠ።

ወረቀቱ የት ገባ?

በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአቢሲንያ ባንክን ውል ከጊዜው በፊት አቋረጡ። ለባለ አክሲዮኖች ካሣ ተከፍሎ የኢትዮጵያ ባንክ ተቋቋመ። አዲሱ ባንክ የራሱን ብር ሲያወጣ የአሮጌው ወረቀት ዘመን አበቃ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የኢጣልያ ወረራ መጣ። ወራሪው የኢትዮጵያን የወረቀት ብር አንዱን በ3 ሊሬ እየለወጠ ሰበሰበው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው በባቡር ወደ ጅቡቲ ተሰደደ። ከተሸሸገው ወረቀት ጥቂቱም በስደተኛው መቀነት ታስሮ ወደዚህ ሳይመጣ አልቀረም። የአቢሲንያ ባንክ ወረቀት ዛሬ እጅግ ብርቅ የሆነው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። መጀመሪያውኑ በብዛት አልወጣም፤ የወጣውም ተመልሶ በጠገራ ተለወጠ፤ የቀረው ተሰብስቦ ጠፋ። በጨረታ ላይ የሚታዩት ብዙዎቹ በገበያ የዋሉ ሳይሆኑ ለናሙና ታትመው የተበሱ ናቸው።

የጅቡቲም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የኢንዶቺን ባንክ እ.ኤ.አ. 1875 ፓሪስ ላይ የተቋቋመ የግል ባንክ ነው። ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጅቡቲ የሚል ስም ያለበትን ፍራንክ ያወጣ የነበረው እርሱ ነው። የዛሬው የጅቡቲ ፍራንክ የተመሠረተው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ አያቶቻችን ከአዲስ አበባ ተሳፍረው እዚህ ሲወርዱ የአንዱን የግል ባንክ ወረቀት አስረክበው የሌላውን ይቀበሉ ነበር ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ በ1988 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አቢሲንያ ባንክ ስሙን ከአሮጌው ቢወርስም ሌላ ባንክ ነው፤ ገንዘብም አያትምም። የማተም ሥልጣን የብሔራዊ ባንክ ብቻ ነው።

በየቤታችን ላለው

ከዐውደ ርእዩ በኋላ ብዙዎቻችሁ አሮጌ ወረቀት እንዴት እንደሚቀመጥ ጠይቃችሁናል። የተማርነውን በአጭሩ እንግለጽ።

የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉት። ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ያቢጫዋል፤ ሲነሣም ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። አትጠቡት፣ አትተኩሱት፤ የታጠፈ ቢሆን እንደታጠፈ ከመኖር ቀስ ብሎ ተዘርግቶ በንጹሕ ወረቀት መካከል ይቀመጥ። የጅቡቲ ወበቅና ፀሐይ የወረቀት ጠላት ናቸው። ከግድግዳ ላይ አውርዱት፤ ለፎቶግራፍ ማስቀመጫ በተሠራ ጥሩ ፕላስቲክ አድርጋችሁ በደረቅና በጨለማ ቦታ አኑሩት። ሊገዛችሁ የሚመጣ ሰው ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ፊቱንና ጀርባውን ፎቶ አንሡ፣ ቁጥሩን መዝግቡ፣ ከአንድ በላይ አዋቂ ጠይቁ። ከአገር ቤት ቅርስ ማውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑንም አትርሱ።

ከሁሉ በላይ ግን ከወረቀቱ ጋር ታሪኩን ጻፉ። ማን ያዘው፣ ከየት አመጣው፣ በምን ደመወዝ ወይም በየትኛው ሽያጭ አገኘው የሚለውን። ወረቀቱ ቢሸጥ እንኳን ይህ ለልጅ ይቀራል። በ2013 ዓ.ም. አገር ቤት አዲስ ብር ሲወጣ አሮጌው በየመሳቢያችን እንደቀረ አይታችኋል። ዛሬ ከቁም ነገር የማንቆጥረው ያ ብር ከ100 ዓመት በኋላ አንድ የልጅ ልጅ የሚጠይቅበት ይሆናል።

እኚያ እናታችን የአያታቸውን ወረቀት መልሰው አያገኙትም። ነገር ግን አጋዘኑ በወዴት በኩል ይመለከት እንደነበርና ወረቀቱ ስንት ቦታ ታጥፎ እንደነበር እስካሁን ያስታውሳሉ። እኛም የነገሩንን ጽፈን ከማኅበራችን መዝገብ ውስጥ አኑረናል። ከዐውደ ርእዩ ጠረጴዛ ላይ የጎደለው ቦታ በዚህ ጥቂት ይሞላ ይሆናል። የእናንተንም ለመጻፍ ዘወትር ዓርብ ከቀትር በኋላ ጽሕፈት ቤታችን ክፍት ነው።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ለሁላችን ይሁን!